የፍሬን ሸራው ሞክሼ

ብርጭቆ የያዛችሁ ሁሉ ያዙት፤ እንዳትጠጡት። እስካሁን የቀመሳችሁትን ምሬአለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን እኔ ሳልል ማንም እንዳይነካው።

በመላው ልደታ ንግግሩን በገዛ እጁ ጽፎ በገዛ ዓይኑ የሚያነብ የመጀመሪያው ላሜራ ቀጥቃጭ እኔ ኩማ ነኝ። እሺ፣ መላው ልደታ ስል ሁሉንም ጋራዥ ዞሬ አልጠየቅኩም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈርን ልተወው። ከጌጃ ሰፈርም የታችኛውን መንገድ ላውጣው፤ እዚያ ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ቀለም ቀቢ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምናልባት ፎቶውን ይሆናል የሚያየው። በዚህ ግቢ ውስጥ ግን አንደኛ ነኝ። የሚከራከረኝ ካለ ወረቀቱን ልስጠውና እሱ ያንብብልን። ይኸው፣ ሜካኒካችን ቤካ ከወዲሁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እንግዶች ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው፣ እዚያ መሀል ወንበር ላይ በሙቀት ኮት ለብሰው የተቀመጡት፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። የጋራዣችን ዕቃ ገዢ። መኪና ተበላሽቶ ሲገባ ቤካ ይፈታዋል፣ እኔ እቀጠቅጠዋለሁ፣ ጋሼ ደግሞ መለዋወጫ ሊገዙ ይወጣሉ። ቤካ የሚሠራው በመፍቻ ነው፣ እኔ በመዶሻ፣ ጋሼ በምላስ። ሦስታችንም እናደማለን።

አጠገባቸው ነጠላ ያጣፉት ባለቤታቸው እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ጋሼና እትዬ የቆየ ስለታቸውን ሊያደርሱ በዚያች በአሮጌ ቮልሳቸው ደብረ ሊባኖስ ይሄዳሉ። ወደ ገዳሙ የሚወርደውን ቁልቁለት ያየ ያውቀዋል። ያቺ ቮልስ ውስጥ የታሰረውን የፍሬን ሸራ ደግሞ ያየነው እኛ ነን፤ ጋሼ ራሳቸው የገዙት ነው፤ ከየት እንደገዙት ኋላ እነግራችኋለሁ። ሁላችንም አዋጥተን ኦሪጅናሉን ገዝተንላቸዋል። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ። ቤካ እንዲያስርላቸው ሰሞኑን ሙሉ ለመንናቸው፤ እምቢ አሉ። የቮልሷ ቁልፍ በኮታቸው የግራ ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፉ ከዚያ ኪስ ካልወጣ ብርጭቆ አይነሳም። ብርጭቆ ካልተነሳ ሽኝት የለም። ሽኝት ከሌለ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ሰኞ ሥራ ይገባሉ ማለት ነው።

ጋሼ እዚህ ግቢ የገቡበትን ቀን እኔ አላየሁትም። ያዩት የጋራዡ ባለቤት አቶ ባፈና ናቸው፤ ደጋግመው ስለነገሩን ግን ከእሳቸው በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ጋሼ ሥራ ፍለጋ ይገባሉ። አቶ ባፈና ምን እንደሚችሉ ይጠይቋቸዋል። ጋሼ መልስ በመስጠት ፈንታ የአቶ ባፈናን እጅ ያዝ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን አገላብጠው አዩት።

«በስንት ገዛኸው?» አሉ።

አቶ ባፈና ዋጋውን ነገሯቸው።

«ተበልተሃል።»

ይኸው ነው ፈተናው። ዕለቱን ተቀጠሩ። በሳምንቱ ጋሼ ያንኑ ሰዓት ቁርጥ የሚመስል ሌላ ሰዓት በሩብ ዋጋ ገዝተው አመጡላቸው። አቶ ባፈናም ደስ ብሏቸው የድሮውን ለወንድማቸው ሰጡ። አዲሱ ዛሬም እጃቸው ላይ ነው። እስቲ ስንት ሰዓት ሆነ በሏቸው፤ ለምን ፀሐይዋን አንጋጥጠው እንደሚያዩ አሁን ይገባችኋል።

ጋሼ ለሰው ብቻ ነው ርካሽ የሚገዙት እንዳትሉ፤ ለራሳቸውም አይሳሱም። ጃንጥላቸውን የማታውቁ የላችሁም። በጋውን ሙሉ እንደ አበባ ይከፈታል፤ የመጀመሪያዋ የሰኔ ጠብታ ስትወርድ ግን ሃይማኖተኛ ሆኖ እጁን ያጣምራል። ስልካቸው ደግሞ ሲደወል የእጅ ባትሪው ይበራል፣ ባትሪው ሲበራ ሬዲዮው ይጮኻል። «ጋሼ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» ስንላቸው «ዝም በል፣ ዜና ነው» ይሉናል። አንዴ እትዬ ድንቅነሽ ራሳቸው ሦስቴ ደውለውላቸው ጋሼ የአየር ሁኔታውን ሰምተው ዘጉት።

ዕቃ ይዘው ሲመጡ የሚያደርጉትንም ታውቁታላችሁ። ከካርቶኑ ያወጡትና በመዳፋቸው መዘን መዘን ያደርጉታል። ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በጥፍራቸው ኳ ያደርጉታል። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያዳምጡታል፤ ዕቃው የትውልድ አገሩን የሚነግራቸው ይመስል። ከዚያ ምን ይላሉ?

ይኸው፣ ሁላችሁም አላችሁት። «ያው ነው።»

የዘይት ማጣሪያ ገዝተው ያው ነው ይላሉ፤ በወሩ ቀደን ብናየው ውስጡ የብስኩት ካርቶን ይመስላል። የበር ላስቲክ ገዝተው ያው ነው ይላሉ፤ ዝናቡ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይዘንባል። የቤካን ሠርግማ ማን ይረሳዋል? ሙሽሮቹ የሄዱት በአቶ ባፈና መኪና ነው። ዋዜማውን ጋሼ አዲስ ቺንጋ፣ ማለትም ማራገቢያውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ገዝተው ያው ነው ብለው ነበር። ሙሽራዋን ይዘን ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ስንደርስ ቺንጋው ተበጠሰ፤ ሞተሩ ፈላ፤ ከኮፈኑ የወጣው እንፋሎት የሙሽራዋን ቬሎ ሸፈነው። ቤካ በሙሽራ ሱፉ ሞተር ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ከሚዜዎቹ አንዷ ስቶኪንጓን አውልቃ ሰጠችውና እሱን ጠምዝዞ አስሮ ነው ከዚያ የወጣነው። ጋሼ በመኪናው ውስጥ እንደ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ወረዱ፤ ኮፈኑ ውስጥ አጎነበሱ፤ የታሰረውን ስቶኪንግ በጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። አፈሩ ብለን ስንጠብቅ ወደ ልጅቷ ዞር ብለው፣

«ይኼ ከቺንጋው ይሻላል፤ በስንት ገዛሽው?» አሏት።

እንግዲህ ወደ ትምህርቴ ልግባ፤ ይህን ንግግር የተቀበልኩት እሱን ለማሳየት ነውና። የማታ ትምህርት በገባሁ ሰሞን መምህርት ጊፍቲ ሰሌዳው ላይ ሦስት ሀ ጻፉ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ሦስቱም ሲጠሩ አንድ ናቸው፤ መልካቸው ብቻ ይለያያል። «ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ» አሉን። ሞክሼ ማለት ያው ስሙ ካንተ ጋር አንድ የሆነ ሰው ማለት አይደል? እኔ ወዲያው እጄን አወጣሁና፣ እንግዲያማ ያው ናቸው፣ ለምን ሦስቱን እንማራለን፣ አንዱን ረከስ ያለውን ይስጡን አልኳቸው። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የጋሼ ደቀ መዝሙር ስለሆንኩ ነው።

መምህርት ጊፍቲ አልተቆጡም። ሰሌዳው ላይ «ፀሐይ ሠረቀች» ብለው ጻፉ። ከሥሩ እንደገና «ፀሐይ ሰረቀች» ብለው ጻፉ። እንዳነብ አዘዙኝ፤ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አነበብኳቸው። ያን ጊዜ እንዲህ አሉ፦

«በንጉሡ ሠ ስትጽፋት ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ስትጽፋት ግን፣ ኩማ፣ ፀሐይን ሌባ አደረግካት።»

ብዙ ቃል ላይ የትኛውንም ሀ፣ የትኛውንም ሰ ብትጽፍ አንባቢ አይሞትም ብለውናል። ይገባዋል፤ ቢበዛ የተማረ ሰው ይስቅብሃል። አንዳንድ ቃል ላይ ግን ሞክሼዋን ከጻፍክ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ማታ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን አላየሁትም። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገዙት ምን እንደሆነ ገባኝ። የዕቃ ሞክሼ ነው! ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ስሙ ያው። ሲጠራ አንድ ነው፤ ሲታሰርም አንድ ነው። ሲነዳ ግን አንዱ ይሠርቃል፣ ሌላው ይሰርቃል።

በጆሮ ስለማይለይ ነው የተደናገራችሁት። የመጀመሪያውን በንጉሡ ሠ ጽፌዋለሁ። የፈለገ መጥቶ ወረቀቱን ይይ።

ጋሼ ግን ይህን ስነግራቸው አላመኑም። ፊደል ሌላ፣ ብረት ሌላ አሉኝ። እኔም እንግዲያው በሥጋ ለባሽ ላሳይዎት ብያለሁ። በራችን ላይ የቆመውን ዘበኛችንን ተመልከቱልኝ። ሙሉ ስሙን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሀብቴ የምንለው ሀብተ ማርያም ነው። የጋሼ ሞክሼ። ቁመታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሲስሉ ግቢው ይሰማል። እንግዲህ ዛሬ ሽኝቱ ሲያልቅ ጋሼን እዚህ በር ላይ ዱላ አስይዘን እናቆምና፣ ሀብቴን ኮት አልብሰን እትዬ ድንቅነሽ ቤት እንወስደዋለን። በሩን አንኳኩተን፣ «እትዬ፣ ሀብተ ማርያምን አምጥተንልዎታል፤ ያው ነው» እንላቸዋለን።

እትዬ፣ በነጠላዎ አፍዎን አይሸፍኑ፤ መልስ ነው የምንፈልገው። ጋሼ፣ እርስዎስ ለምን ፊትዎን አኮሳተሩ? መዘን ያድርጉት፣ ኳ ያድርጉት፤ ያው አይደለም እንዴ? ሀብቴ ደግሞ፣ አንተ ሰውዬ፣ ፀጉርህን ማበጠር ተው፤ ምሳሌ ነው የምሰጠው።

እንግዲህ ሳቃችሁን ዋጥ አድርጉ፤ አሁን የማነበው የሚሳቅበት አይደለም።

ሺፋ እዚህ አለ። ከግድግዳው አጠገብ ዱላውን አስደግፎ፣ ለስላሳ ይዞ የተቀመጠው ነው። ሚኒባሱን ከሌላ ጋራዥ አስገብቶ የማያውቅ ደንበኛችን ነበር። አንድ ቀን ፍሬኑ ሲያልቅበት መጣ። መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ከፒያሳ ጀርባም ከሶማሌ ተራም ያላገኙትን ርካሽ ሸራ ጋሼ ከአንድ ሱቅ አገኙለት። መዘኑት፣ ኳ አደረጉት፣ ያው ነው አሉ። ቤካ አሰረው። ሁላችንም እንኳን ረከሰልህ ብለን ሸኘነው።

የፍሬን ሸራ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። የደህናው ሸራ ማጣበቂያ ቢግልም አይለቅም። የሞክሼው ማጣበቂያ ግን ለመደርደሪያ እንጂ ለቁልቁለት አልተሠራም። ሺፋ ከተክለ ሃይማኖት ወደ እኛ ሲወርድ ሸራው ከብረቱ ተላቀቀ። ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው አልሰማውም። ደግሞ ረገጠ። እግዜር ይመስገን ውስጡ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ፊቱ ግን ሰው ያቋርጥ ነበር። ሺፋ መሪውን ወደ ግንቡ አዞረው። ሰዎቹ ተሻግረው ሄዱ፤ ማን እንዳዳናቸውም አላወቁ። የሺፋ ቀኝ እግር ግን መሪው ሥር ተይዞ ተሰባበረ። ዳነ፣ ቆመ፣ በዱላ ይራመዳል። መሪ ግን ከዚያ ወዲህ አልጨበጠም። ያ ሸራ የሰረቀው ይኼን ነው። ይኼኛውን በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፣ ያን ሰሞን ያሉትን ያስታውሳሉ። «ሸራ ያልቃል፤ የማያልቅ ነገር የለም» አሉ። እኔም አልወደድኩልዎትም ነበር። ዛሬም አልወደድኩልዎትም፤ እዚህ ጽፌዋለሁና ስርዝ የለውም።

ሁሉን በእርስዎ ላይ ግን አልከምርም። ኦሪጅናሉ ለምን እንደሚወደድ የሚያውቅ ያውቃል፤ የደንበኛችንንም ኪስ እናውቃለን። በሩ ላይ ቆሞ «እባካችሁ ረከስ ያለ ፈልጉልኝ» የሚለው እሱ ነው። «ቶሎ ይውጣ፣ ቦታ ይለቀቅ» የሚሉት አቶ ባፈና ናቸው፤ አሁን ሰዓትዎን አይዩ አቶ ባፈና፣ አይነግርዎትም። የሚያስረው ቤካ ነው። ጋሼ የሁላችን ምላስ ነበሩ፤ እኛ የተመኘነውን ነው የገዙልን። ርካሽ ሁሉ ክፉ ነው የሚል ካለም ውሸቱን ነው። የበር እጀታው ሞክሼ ይሁን፤ ምንጣፉም፣ የመስኮቱ ማዞሪያም ሞክሼ ይሁን። አንባቢ አይሞትም። ፍሬን ላይ ግን፣ ወገኖቼ፣ አንባቢው ይሞታል።

አሁን ሳላፍር የማመሰግንበት ቦታ ደርሻለሁ፤ ወረቀቱም እዚህ ጋ ትንሽ ቆሽሿል።

ሺፋ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጋሼ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይጠይቁት ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ያየቻቸው ፋዮ ናት፤ በራችን ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው። ጋሼ ወደ እሷ ይመጡና ብርቱካን ይገዛሉ። ደህና ደህናውን ይመርጣሉ፤ ዋጋ ግን አይጠይቁም፤ አይከራከሩም። የተባሉትን ከፍለው ይሄዳሉ። ፋዮ መጀመሪያ ቀን ደንግጣ፣

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«አዎ» አሉ፤ ሄዱ።

እኔን ትምህርት ቤት ያስገቡኝም ያን ሰሞን ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ስሜን ተሳስታችሁ ጽፋችሁ ስታስቁብኝ የነበራችሁም አላችሁ፤ እያንዳንዳችሁን አውቃችኋለሁ፣ አሁን ደግሞ እናንተንም መጻፍ እችላለሁ። ጋሼ ግን አንድ ቀን የሸራ ካርቶን እጄ ላይ አስቀምጠው አንብብ አሉኝ። እንደማልችል ያውቃሉ። ካርቶኑን አገላብጬ ስመልስላቸው፣

«እኔ ዕድሜዬን ዋጋውን ብቻ ሳነብ ኖርኩ፤ አንተ ሌላውን አንብብ» አሉኝ።

ክንዴን ይዘው ወስደው አስመዘገቡኝ። ደብተርና እስክሪብቶም ገዙልኝ። አዎ፣ ያው እንደምታውቋቸው ነው የገዙት። ደብተሩ ላይ ፊት ለፊት ስጽፍ ከጀርባው ይነበባል፤ «በአንድ ድካም ሁለት ገጽ» አሉኝ። እስክሪብቶው ከወረቀቱ ይልቅ ሸሚዜ ላይ መጻፍ ይወድ ነበር። እኔ ግን በዚያ ደብተር ነው ሀ ብዬ የጀመርኩት። ይህን ንግግር የጻፍኩትም ከዚያው ደብተር በተረፈው ገጽ ነው፤ ሲነበብ ከኋላ የሚታየው ጥላ የትናንቱ የቤት ሥራዬ ነው። ጋሼ፣ ብዙ ሞክሼ ገዝተዋል። ለእኔ ያደረጉት ግን ሞክሼ የለውም። እግዜር ይስጥልኝ።

ይኼን ብዬ እንዳስለቀስኳችሁ አውቃለሁ፤ አስቤበት ነው። አሁን ወደ ኪስዎ እንመለስ።

ቮልስዎ ላይ ያለው ሸራ የሺፋ ሸራ ታናሽ ወንድም ነው። ከዚያው ሱቅ፣ በዚያው ቀን፣ ሁለቱን ሲገዙ ይረክሳል ብለው ነው የገዙት። ከሺፋ በኋላ እንኳ አልቀየሩትም። ሰው ሁሉ ንፉግ ስለሆኑ ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ኦሪጅናሉን ካሰሩ፣ ያው ነው ያሉት ሁሉ፣ ለሁላችን የገዙት ሁሉ፣ ያው እንዳልነበር ሊያምኑ ነው። እሱን ነው የፈሩት። ቁልቁለቱን አይደለም። ስለዚህ ያንኑ ሸራ እየነዱ፣ አየህ አልተላቀቀም፣ አየህ ያው ነው፣ ይላሉ። ቅዳሜ ግን ብቻዎን አይደሉም። አጠገብዎ የሚቀመጡት እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። እሳቸውን በየትኛው ሱቅ ነው የምናገኛቸው?

የጻፍኩት እዚህ ያልቃል። ቀጥሎ ያለው ከአፌ ነው።

ቤካ፣ ካርቶኑን ክፈተውና ስጣቸው።

ከኋላ ላላችሁ እኔ ልንገራችሁ። ጋሼ ሸራውን አወጡት። መዘኑት። ጆሯቸው ሥር ኳ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይ፣ ቆይ... ምን አሉ? ልድገምላችሁ፤ «በስንት ገዛችሁት?» ነው ያሉት። ቤካ ጆሯቸው ላይ እየነገራቸው ነው።

«ተበልታችኋል» አሉ።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ ቁልፉ ግን አሁንም ኪስ ውስጥ ነው። ማንም እንዳይጠጣ።

ማነው የሚነሳው? ሺፋ ነው። መንገድ ስጡት። ወንበሩን ሳብ አድርጉለት። ጋሼ ፊት ቆመ፤ እጁን ዘረጋ። አንተ በአደጋው ነገር አንድ ቀን እንኳ አፍህን ከፍተህ የማታውቅ ሰው፣ ጮክ በል፤ እኛም እንስማህ።

«ጋሼ፣ ያው አይደለም» ነው ያለው። «እኔ አልተቀየምኩዎትም። ያው ግን አይደለም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ዝም በሉ እስቲ።

ኮታቸውን ገለጥ አደረጉ... በቀኙ በኩል ነበር ለካ፣ በግራ ነው ብዬ ተሳስቻለሁ። ይኸው። ሰጡት። ሺፋ እጅ ላይ ነው። ሺፋ፣ ለቤካ አቀብለው፤ ወይም ቆይ፣ አንተው ያዘው፤ ዛሬ ማታ ሲታሰር ቁጭ ብለህ አንተው ተመልከት።

ጋሼ፣ አንገትዎን ቀና ያድርጉ። የሚያፍር ሰው እንደርስዎ ቁልፍ አይሰጥም።

አሁን ብርጭቆ ወደ ላይ። ጠላም፣ ቢራም፣ ለስላሳም ቢሆን።

ጋሼ ሀብተ ማርያም፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬንዎ ይስማዎት፤ ዳገት ሲወጡ ሞተርዎ ይታዘዝዎት። ስለትዎ ይድረስ። ጃንጥላዎ በክረምት ይከፈት። እትዬ ሲደውሉ ስልክዎ እንደ ስልክ ይጥራ። ሽንኩርት ሻጭ ሁሉ ሲያይዎት አይሸሽ። እግዜር ዕድሜዎን በሚዛን ሲያስቀምጥ ልክ ላይ ሲደርስ እጁን አይሰብስብ፤ ከላይ ጨመር አድርጎ ይመርቅልዎት። ሰኞ ጠዋት በዚህ በር ሳይገቡ ሲቀሩ የምንፈልግዎት እኛ ነን፤ ቦታዎን የሚይዝ ሰው ይመጣል፣ ምናልባት ስሙም ሀብተ ማርያም ይሆናል፤ ያው ነው የሚል ሰው ግን እዚህ ግቢ ውስጥ አይገኝም።

ቆይ፣ ሳትጠጡ አንዲት ነገር። ፋዮ ከበሩ ጋ ሆና በጣቷ እያስፈራራችኝ ነው። ካነበብኩላችሁ ሁሉ የፈጠርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ጋሼ ብርቱካኑን ሳይከራከሩ ገዙ ያልኩት ውሸት ነው። ንግግሩን ያሳምርልኛል ብዬ ነው። ፋዮን በየእሁዱ ላብ እስኪያጠምቃት ነው የተከራከሯት። ከፍለው ሲጨርሱም አይሄዱም፤ «መርቂልኝ» ብለው ቆመው አንዲት ብርቱካን ያስጨምሯታል።

ያቺን ምርቃት ግን አንድ ቀን ለራሳቸው አልበሏትም። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ልጠው ሺፋን ያጎርሱት ነበር። ይኼን የነገረኝ ራሱ ሺፋ ነው፤ ይኼ እውነት ነው።

ጠጡ።